ዘቢቡን ማን በላው?

ለቡ መብራት ኃይል፣ አራተኛ ፎቅ። በረንዳችን ላይ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ ጤና አዳም የተተከለበት አሮጌ ቆርቆሮ፣ ሁለት ጀሪካንና አንድ የፕላስቲክ ሰሃን አለ። ሰሃኑ የእናቴ ነው፤ ማለቴ የወፎቹ ነው። እናቴ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍና ዕጣን ስትገዛ ዘቢብም ትጨምራለች፤ ከዘቢቡ ደግሞ ሁልጊዜ ጥቂት እቤት ይቀራል። የቀረው ቁም ሳጥን ውስጥ ይከርምና ድንጋይ ሲሆን «ይኼን እንኳ ለወፎቹ» ብላ ሰሃኑ ላይ ትበትነዋለች። ለነፍስ ይሆናል ባይ ናት። እኔም ጠዋት ጠዋት ቡናዬን ይዤ ከመስታወቱ ጀርባ ቆሜ ማን እንደመጣ ማየት ለምዶብኝ ነበር።

አንድ የኅዳር ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሰሃኑን ገለበጠውና ዘቢቡ በሙሉ ግቢው ውስጥ ወረደ። የዘበኛችን ውሻ ቡቺ ሮጦ መጥቶ ለቀም ለቀም አድርጎ ጨረሰው። ሳቅን። «ነቢያትን የያዘ ውሻ» ብሎ የቀለደም ነበር። ማታውኑ አስመለሰው። በማግስቱ ምግብ እምቢ አለ፤ ውሃ ብቻ ይጠጣል። በአራተኛው ቀን ሞተ። ጋሼ (ዘበኛውን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው) «መርዘውት ነው» አሉ። ሌባ ለመግባት ሲያስብ መጀመሪያ የሚያጠፋው ውሻውን ነው፤ ይህን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ሕንፃው ሁሉ አመነ። ለሁለት ሳምንት የግቢው በር በጊዜ ይዘጋ ጀመር፤ አንዳንዱም ተጨማሪ ቁልፍ አስገባ። እኔም አመንኩ።

እውነቱ ላይ የወደቅኩት ስለ ውሻ ሳይሆን ስለ ወፍ ሳነብ ነው። ለወፎች ደረቅ ፍሬ ሲሰጥ ምን ምን መጠንቀቅ እንደሚገባ የሚያወራ ጽሑፍ እያነበብኩ አንድ ቦታ ላይ ስደርስ ቀጥ አልኩ። ዘቢብ መሬት ላይ እንዳይወድቅ ተጠንቀቁ፣ ውሻ ከበላው ኩላሊቱን ሊያጠፋው ይችላል ይላል። ወይኑም፣ ዘቢቡም። የእንስሳት ሐኪሞች ነገሩን ካስተዋሉት ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ምክንያቱ ግን ለረጅም ጊዜ እንቆቅልሽ ነበር። አንዱ ውሻ እፍኝ ሙሉ በልቶ ምንም አይሆንም፤ ሌላው በጥቂት ፍሬ ይሞታል። በ2021 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ሌላ ካላልኩ በስተቀር ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም እንደዚያው ናቸው) አሜሪካ ያሉ የእንስሳት መርዝ ባለሙያዎች ታርታሪክ አሲድ የሚባለውን ነገር ጠረጠሩ። ይህ አሲድ ወይን ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ መጠኑም ከወይን ወይን ይለያያል። አንዱ ሞቶ ሌላው የሚተርፈው ለዚያ ሳይሆን አይቀርም ባይ ናቸው።

ቡቺን የገደለው ዘቢቡ ይሁን ሌላ ነገር ማንም አልመረመረም። ምልክቶቹ ግን አንድ በአንድ ይገጥማሉ፤ ማስመለሱ፣ ምግብ እምቢ ማለቱ፣ ውሃው፣ ቀኑ ሳይቀር።

ሰሃኑን በዚያው ቀን አነሳሁት። በማግስቱ ወፎቹ መጡ። ባዶው የበረንዳ ብረት ላይ ተሰልፈው አንገታቸውን ሰበር እያደረጉ ወደ ውስጥ ያያሉ። እንዲህ ሲያዩኝ ነው ሁለት ጥያቄ የመጣብኝ። እኛ በዚህ አገር ለወፍ ምግብ መስጠት የጀመርነው ከመቼ ወዲህ ነው? እነሱስ ከእናቴ ሰሃን በፊት ምን ይበሉ ነበር?

ከዘቢቡ ልጀምር። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን፣ ከ1520 እስከ 1526፣ እዚህ አገር ቆይቶ ያየውን ሁሉ ጽፏል፤ መጽሐፉም በ1540 ሊዝበን ላይ ታተመ። ሰውዬው ቄስ ስለነበር ዓይኑ የማያልፈው የቅዳሴ ነገር የለም። የእኛዎቹ ካህናት ለቍርባን የሚሆነውን ወይን ከምን እንደሚያዘጋጁም አስተውሏል፦ ከዘቢብ ነው። ዘቢቡ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ያብጣል፣ ከዚያ በጨርቅ ይጨመቃል። አምስት መቶ ዓመት አልፎ ዛሬም ሳሪስ አቦም ሄዳችሁ ሌላም ቤተ ክርስቲያን ቤተ ልሔም ውስጥ ያለው ሥራ በመሠረቱ ይኸው ነው። ዲያቆኑ ዘቢቡን ይለቅማል፣ ያጥባል፣ ይዘፈዝፋል። ከደጅ ጧፍና ዕጣን ከደረደሩት ሴቶች የምንገዛው ያ ጥቁር ፍሬ እንዲሁ በደረቁ ተቆርጥሞ እንዲያልቅ የመጣ አይደለም። እኔ ራሴ ግን ልጅ ሆኜ ከእናቴ ቦርሳ እየሰረቅኩ በደረቁ ስቆረጥመው ነው ያደግኩት። ይህንን እያወቅሁ ለወፎቹ ድንጋይ የሆነውን እንዲሁ ስንሰጥ መኖራችን ትንሽ ያሳፍራል።

ተምርም አለ። በረመዳን አንዋር መስጊድ አካባቢ ያለፈ ሰው የተምሩን ክምር ያውቀዋል። ጎረቤታችን የአፍጥሩ ተምር ሲተርፋት ለእናቴ ታቀብላት ነበርና የእኛ ሰሃን በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ተምርም ያያል። ፍሬው እንዳለ፣ አጥንቱም ሳይወጣ። (ይህም ስሕተት ነበር፤ እመለስበታለሁ።)

ስለዚህ ደረቁ ፍሬ ከጥንትም እቤታችን አለ። ወፏስ? እዚህ ላይ የኛ ሰው ሁለት ልብ አለው።

አንደኛውን ልብ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ታገኙታላችሁ። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ያላየ የለም፤ ፀጉራቸው መላ ሰውነታቸውን ሸፍኖ፣ በግራ በቀኝ አንበሶችና ነብሮች ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው። ከፊታቸው አጠገብ ደግሞ አንዲት ወፍ አለች። በውሃ ጥም የተቃጠለች ወፍ ናት፤ ጻድቁ እንባቸውን ነው ያጠጧት። ሥዕሉ ላይ ምንቃሯ ዓይናቸው ላይ ነው። ልጅ ሆኜ ዓይናቸውን ልታወጣ የመጣች ይመስለኝ ነበርና እፈራት ነበር። ገዳማቸው ያለው ዝቋላ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ቀን ከደቡብ አዲስ አበባ ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ለተመለከተ ብቻውን ቆሞ የሚታየው ተራራ። እናቴ በወር በአምስተኛው ቀን ለአቦ ስትሳለም የምታስበው ይህችን ወፍ ነው። «ጻድቁ እንባቸውን ከሰጧት እኔ ዘቢብ ብሰጣት ምን አለበት?» ነው ክርክሯ። ለዚህ መልስ የለኝም።

ሁለተኛው ልብ ማማ ላይ ነው። ማሽላ ሊደርስ ሲል ወንጭፍና ጅራፍ ይዞ ማማ ላይ የሚውለው ልጅ ወፍን የሚያውቃት በሌባነቷ ነው። ግሪሳ የሚባለው ወፍ በመንጋ ሲመጣ ሰማዩ ይጠቁራል፤ ማሳ ላይ ከሰፈረ ለገበሬው የሚተወው ገለባ ነው። ነገሩ ከወንጭፍ በላይ ሲሆን መርዝ በአውሮፕላን ይረጫል። በ1962 የተቋቋመውና ዋና መሥሪያ ቤቱን አዲስ አበባ ያደረገው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት አውሮፕላኖች ከአንበጣው ጎን ለጎን ግሪሳንም ሲያሳድዱ የኖሩት በዚሁ ምክንያት ነው። አባቴ ማማ ላይ ያደገ ሰው ነው። እናቴ ሰሃኑን ስታወጣ ባየ ቁጥር ራሱን ይነቀንቃል። «እኔ ልጅነቴን ሙሉ ያባረርኩትን አንቺ ጋብዘሽ ታበያለሽ» ይላታል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ስለ አንድ ዓይነት ወፍ እየተናገሩ ግን አይደለም። እህል የምትለቅም ወፍ ሌላ፣ ፍሬ የምትበላ ወፍ ሌላ። ድንቢጥ ዘቢቡን አየት አድርጋ ትሄዳለች። ሰሃናችን ላይ የሚያድሩት አናቷ ጠቆር ያለው ቡልቡል፣ ጡቷ ወደ ብርቱካን የሚያደላው ትልቋ የጓሮ ወፍ (ፈረንጆቹ ትረሽ የሚሏት)፣ እና ጭራዋ እንደ አይጥ ጭራ የረዘመው ግራጫዋ ናቸው። ሦስቱም ፍሬ ወዳድ ናቸው።

ታዲያ እነዚህ ፍሬ ወዳዶች ከእኛ በፊት ምን ይበሉ ነበር? ወደ ሁለተኛው ጥያቄ መጣሁ፤ ለመልሱ ከበረንዳችን ወደ ምዕራብ ማየት ይበቃል። ፉሪ ቅርብ ነው፤ ከኋላው ወጨጫ አለ። በወጨጫ ጥግ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን አፈ ታሪኩ የሚጀምረው በአሥራ አምስተኛው መቶ ዘመን ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ (1434–1468) ተራራው ተራቁቶ ቢያዩት የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉ ይባላል። ዘሩ የመጣው ከየት ነው? ከአንኮበር አጠገብ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን። ስሙን አስተውሉልኝ፣ ወፍ ዋሻ!

ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ኮሶ፣ ሾላ፣ ዋርካ። የሸዋ ደጋ ዛፎች እነዚህ ነበሩ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ የሚጠራው ረዳት «ሾላ!» «ወይራ!» እያለ የሚጮኸው የዛፍ ስም መሆኑን ማን ያስባል? ለወፍ ግን እነዚህ ስሞች የምግብ ዝርዝር ናቸው። የጽድ ፍሬ ትንሽ፣ ሰማያዊ ጥቁር፣ ዛፉ ላይ ሆኖ የሚጠወልግ ነገር ነው፤ ተፈጥሮ ራሷ ያዘጋጀችው ዘቢብ በሉት። የወይራም ፍሬ ሳይለቀም ከቆየ ዛፉ ላይ ይሸበሸባል። ደረቅ ፍሬ ለኢትዮጵያ ወፍ አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው።

ይህንን መጀመሪያ በወረቀት ያሰፈሩት መንገደኞች ናቸው፤ ያሳዝናል፣ ጠመንጃ ይዘው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1814 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ስታንሊ የሚባል ሰው የወፎቹን ዝርዝር አወጣ። ከነዚያ ውስጥ ዛሬም አዲስ አበባ ግቢዎች ላይ በጩኸት የምትበረው ትንሿ አረንጓዴ በቀቀን አለች፤ ሳይንሳዊ ስሟ ከምፅዋ ወደ ደጋው በሚያወጣው በታራንታ መተላለፊያ የተሰየመ ነው። የጽድ ፍሬና የሾላ ወዳጅ ናት። ከሱ በኋላ በ1830ዎቹ ጀርመናዊው ሩፔል መጣ፤ ጉንጯ ነጭ የሆነውን፣ ክንፏን ስትገልጥ ደም የመሰለ ቀይ የምታሳየውን ቱራኮ ለዓለም ያስተዋወቃት እሱ ነው። ጣሊያናዊው ኦራዚዮ አንቲኖሪ ደግሞ በ1876 ሸዋ ገብቶ አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ ላይ ተቀመጠና በ1882 እዚያው ሞተ። የሸዋ ወፎች ዝርዝር በሳልቫዶሪ ተዘጋጅቶ በ1884 ታተመ።

ከሁሉ የምወደው ግን የሩስፖሊን ታሪክ ነው። ልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ የሚባል ጣሊያናዊ በ1893 ደቡብ ኢትዮጵያ ውስጥ ዝሆን ገደለው። ከዕቃው መሐል ማንም አይቷት የማያውቅ የቱራኮ ቆዳ ተገኘ። የት እንዳገኛት ማስታወሻ አልተወም። ሳልቫዶሪ በ1896 በሟቹ ስም ሰየማት፤ ወፏን በሕይወት ለማግኘት ግን ዐሥርት ዓመታት ፈጀ። ነገሌ ቦረና አካባቢ በጽድ ደንና በሾላ ዛፍ ላይ ፍሬዋን እየለቀመች ነበር። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለችም።

ወደ አዲስ አበባ ልመለስ። ምኒልክ እንጦጦ ላይ ከመክተማቸው በፊት በወጨጫና በፉሪ በኩል ሰፍረው ነበር። አዲስ አበባ በ1886 ተቆረቆረች፤ ዐሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላት እንጨት አለቀባት። ማገዶው፣ አጥሩ፣ ቤቱ፣ ሁሉም ዛፍ ነው። በ1900 ገደማ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መነሣት ደረሱ። ከተማዋን ያዳናት በ1890ዎቹ አጋማሽ የገባው ባሕር ዛፍ ነው፤ ያስመጣው ፈረንሳዊው አማካሪ ሞንዶን ቪዳይሌ እንደሆነ ይነገራል። ባሕር ዛፍ ባይመጣ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው አዲስ ዓለም ሆኜ ሊሆን ይችል ነበር። ስለዚህ አልሰድበውም። አበባው ማር ቀሳሚ ወፎችን ይጠቅማል፣ ንቡንም እንዲሁ። ፍሬው ግን እንደ ቁልፍ የደረቀ እንጨት ነው፤ ውስጡ አቧራ የመሰለ ዘር። ፍሬ ለምትበላ ወፍ ባሕር ዛፍ ማለት አንድም ምግብ ያልቀረበበት ትልቅ አዳራሽ ነው።

ታሪኩን እንዲህ ሳየው ነው ነገሩ የከነከነኝ። እኛ ወፍ መመገብ አልጀመርንም፤ ምግቧን በልተን ከጨረስን በኋላ ነው ሰሃን ያወጣንላት።

የቀረው የት ነው? መልሱን ታውቁታላችሁ፦ ቤተ ክርስቲያን ግቢ። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ከሩቅ አረንጓዴ ጉች ያለ ነገር ካያችሁ መሐሉ ላይ ጉልላት አለ። ጽዱና ወይራው የተረፈው እዚያ ነው። ዘቢቡ የሚዘፈዘፍበት ግቢና የወፏ ማዕድ ያለበት ግቢ አንድ መሆኑን ሳስብ ደስ ይለኛል። ወፏም ውለታ ከፋይ ናት፤ የወይራውን ፍሬ ከነዘሩ ውጣ በሌላ ቁጥቋጦ ላይ አርፋ ዘሩን ትጥለዋለች፤ በቁጥቋጦው ጥላ ሥር ከፀሐይም ከፍየልም ተሸሽጎ ይበቅላል። ዛፍ ተካይ ናት፤ ያውም ያለ ዘመቻና ያለ ቲሸርት።

ለቡ ብዙም ሳይርቅ የእርሻ መሬት ነበር። ከዚያ ሪል ስቴቱ፣ ኮንዶሚኒየሙ፣ አስፋልቱ መጣ። በ2016 የጅቡቲው ባቡር ፉሪ ለቡ ጣቢያ ላይ ተመረቀ። የኛ ግቢ ውስጥ የተተከሉት አጥር የሚያሳምሩ ቁጥቋጦዎችና ሁለት ዘንባባዎች ናቸው። አንዳቸውም ለወፍ የሚሆን ነገር የላቸውም፤ እናቴ ይህንን ሁሉ ታሪክ ሳታነብ ነው የተረዳችው።

እንግዲህ እንስጥ ካልን እንዴት እንስጥ? ወፍ መመገብን የቤት ልማድ ያደረጉት እንግሊዞች ናቸው፤ በ1890–91 የነበረው ከባድ ብርድ ሁሉን ሲያደርቅ ጋዜጦቹ ሰዉን ፍርፋሪ እንዲያወጣ ቀሰቀሱት። የነሱ ወፍ በረዶ ላይ ትራባለች። የኛዋ በረዶ የለባትም፤ ስለዚህ የኛ ሰሃን መክሰስ እንጂ ቀለብ መሆን የለበትም። ከነሱ የምንማረው ይልቅ ስሕተታቸውን ነው። ከ2005 ጀምሮ ትራይኮሞኖሲስ የሚባል የጉሮሮ በሽታ በወፎቻቸው ላይ ገባ። በምራቅ በተበከለ ምግብና ውሃ ይተላለፋል፤ ብዙ ወፍ በአንድ ሰሃን ሲበላ ደግሞ ይመቸዋል። ግሪንፊንች የምትባለው፣ ጓሮአቸውን ትሞላ የነበረች አረንጓዴ ወፍ፣ በ2021 አደጋ ላይ ናቸው ከተባሉት ዝርዝር ገባች። በፍቅር የወጣ ሰሃን ነው የጨረሳት። ሰሃን የማይታጠብ ከሆነ ባይወጣ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። በየቀኑ፣ በፈላ ውሃ፣ ከቤት ዕቃ ለይቶ፤ እጅንም ታጥቦ። በ1998 ዓ.ም. የወፍ ጉንፋን ወሬ ሲነሣ ከተማው ዶሮ መብላት እንዴት እንዳቆመ እናቴ ስታወራ ትስቃለች፤ እጅ መታጠቡ ግን ያኔም ዛሬም አይጎዳም።

ዘቢቡ ራሱስ? አዲስ ወይን አምስት እጁ ቢቆጠር አራቱ ውሃ ነው፤ ዘቢብ ውስጥ የሚቀረው ከመቶ ዐሥራ አምስት ያህል ብቻ ነው። ደርቆ ድንጋይ የሆነውን ወፏ ስትውጠው ውሃውን ከራሷ ሰውነት ይስባል፤ ለጫጩት ይዛው ከሄደች ደግሞ ጉሮሮ ላይ ሊቀረቀር ይችላል። መፍትሔው አልቫሬዝ ያየው ነው፦ መዘፍዘፍ። ማታ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይግባ፣ ጠዋት አብጦ ይገኛል፤ ሁለት ቦታ ተቆርጦ ይቅረብ። እስከ ቀትር ያልተበላው ይነሣ፤ የራሰ ፍሬ ፀሐይ ላይ ቶሎ ይቦካል፣ ይሻግታል። ሻጋታ ነገር ለወፍ ሳንባ ጠላት ነው። «እኛ የማንበላውን ለወፍ» የሚለው ነገር እንግዲህ እዚህ ላይ ያበቃል። ቁም ሳጥን ውስጥ የሻገተው መጣያ ነው ቦታው።

ተምሩ አጥንቱ ወጥቶ፣ ተዘፍዝፎ፣ ተከትፎ። የደረቀ ማንጎና ፓፓያ በፓኬት የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ስኳር የተለበሰ ነው፤ አይሆንም። ምክንያቱ ይገርማል። እንደዚያች እንደ ትረሽ ያሉ ወፎች የሱቅ ስኳር የሚፈጭ ኤንዛይም የላቸውም፤ የዘቢብ ስኳር ግን በአብዛኛው ግሉኮስና ፍሩክቶስ ስለሆነ ያለ ችግር ይዋሐዳቸዋል። አፕሪኮት በጣም ብርቱካናማ ሆኖ ካበራ ቀለሙን የጠበቀለት የሰልፈር ጭስ ነው፤ ጠቆር ያለው ይመረጣል። ጨው የነካው ኦቾሎኒና ቆሎም ይቅር። አቮካዶ ደግሞ በጭራሽ! የኛ ጁስ ቤት ንጉሥ የሆነው አቮካዶ ለወፍ መርዝ ነው፤ ልብ ያቆማል። የስፕሪስ ትራፊ በረንዳ ላይ ማስቀመጥ የሚያምረው ሰው ካለ ይህን ይወቅ።

የመጨረሻው ሰሃኑ ነው። የኛ አሁን ጠርዝ ያለው የሸክላ ሳህን ሆኗል፤ በሽቦ ከብረቱ ጋር ታስሯል፤ በአንድ ጊዜም ከዐሥር ፍሬ በላይ አይወጣም። አጠገቡ ውሃ አለ። ነፋስ ቢመጣ የሚወድቅ ነገር የለም።

ለጋሼ የነገርኳቸው በዚያው ሳምንት ነው። ለመንገር ሦስት ቀን ዞርኩ። በር ላይ ቁጭ ብለው አገኘኋቸውና ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«እና ሌባ አልነበረም?»

«አይመስለኝም ጋሼ።»

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ዓይኔን ሳልከድን!»

ከዚያ ሳቁ፤ ቀጥሎ ግን ፊታቸውን ወደ ቡቺ ማደሪያ መለሱት። እናቴ እስከ ዛሬ አታምንም። «የቤተ ክርስቲያን ዘቢብ ነው እኮ» ትላለች፤ ከበላዩ ምንም ማለት አይቻልም። ሰሃኑን ማሰሬን ግን አልተቃወመችም።

ባለፈው ክረምት ግቢው ውስጥ አራት የወይራ ችግኝ እንትከል ብዬ ለኮሚቴው አመለከትኩ። መኪና ማቆሚያ ይሻማል ተባለ። ብዙ ከተነጋገርን በኋላ በአጥሩ ጥግ፣ ቡቺ ይተኛበት በነበረው በኩል፣ ሁለት ተፈቀደልን። ጋሼ በቢጫው ጀሪካን ያጠጧቸዋል፤ አንዱ ጉልበቴ ደርሷል። ወይራ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ወፍ የሚበላው ፍሬ ለማየት ዓመታት መጠበቅ አለብን። እስከዚያው ማታ ከመተኛቴ በፊት ዐሥር ፍሬ እቆጥርና ብርጭቆ ውሃ ውስጥ እከታለሁ።